በባሕር ዳር የሰርግ ዕለት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለወራት የተዘጋጁበት ሰርግ በአንድ ጠዋት የሚታመሰው አብዛኛውን ጊዜ በትልቅ ነገር አይደለም። በሬው ተገዝቷል፣ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ካርዱ ተበትኗል። ቤተሰቡን የሚያራውጠው ቀለበቱ ማን ዘንድ እንዳለ አለመታወቁ፣ ጄኔሬተሩ ነዳጅ አለመያዙ፣ ሙሽራዋ ከፀጉር ቤት በሰዓቷ አለመውጣቷ ነው። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ የጣና የከሰዓት ነፋስና የሚያዝያ ሙቀት ይጨመራሉ። ሁሉንም ማስቀረት አይቻልም፤ ደስታውን የሚነጥቁትን ግን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል።

ሰዓቱን ከጠዋት ጀምሮ መቁጠር

ብዙ ቤተሰብ «ጠዋት 2 ሰዓት እንጀምራለን» ብሎ የቀረውን ለዕድል ይተወዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ቀኑ ከዚያ በኋላ አይሰበሰብም። አቆጣጠሩ ከመጨረሻው ወደ ኋላ ይሁን።

ፎቶው በሐይቁ ዳር 10 ሰዓት ላይ ይጀመራል እንበል። ከሴቷ ቤት 9 ሰዓት ላይ መውጣት ያስፈልጋል። ምሳው፣ ምርቃቱና ጭፈራው ከሁለት ሰዓት በላይ ስለሚወስድ ሙሽራው 6 ሰዓት ላይ በር ላይ መድረስ አለበት። ሙሽራዋ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ለብሳ ትጠብቀው። ቬሎ ለመልበስ 45 ደቂቃ፣ ከፀጉር ቤት ወደ ቤት 15 ደቂቃ፣ ለሜካፕ 1 ሰዓት፣ ለፀጉር 2 ሰዓት ሲቀነስ ፀጉሯ 1 ሰዓት ተኩል ላይ መጀመር አለበት። ፀጉር ቤት መድረሻው እንግዲህ ጠዋት 1 ሰዓት ነው፤ ግማሽ ሰዓቷ መጠባበቂያ ናት፣ አትንኳት።

ከሁሉ የከፋው ሙሽራዋን የመጨረሻ ተራ ላይ ማድረግ ነው። አንድ ሠራተኛ ሦስት ሚዜ ሠርታ ወደ ሙሽራዋ ስትደርስ እያንዳንዷ ያስረዘመችው ጊዜ ተጠራቅሞ በሙሽራዋ ላይ ይወድቃል። ሙሽራዋ መካከል ላይ ትግባ፤ ሰዓት ካለቀ የሚዜ ፀጉር ቀለል ብሎ ቢሠራ ማንም አያዝንም። ከጥምቀት በኋላ ባሉት የጥር ቅዳሜና እሑዶች አንድ ፀጉር ቤት በአንድ ጠዋት ብዙ ሙሽራ ሊይዝ ስለሚችል፣ ቀኑን ብቻ ሳይሆን ተራውንና የምትሠራዋን ሠራተኛ ስም ጭምር አስይዙ።

በተክሊል ቀን ሙሽሮቹን ሳያበሉ ማዋል

በተክሊልና በቁርባን የሚጋቡ ሙሽሮች ከዋዜማው ጀምሮ ጾመው ነው ቅዳሴ የሚገቡት። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አጃቢው ወደ መኪና ያስገባቸዋል፣ ከዚያ ሜካፕ፣ ከዚያ ፎቶ፣ ከዚያ በር ላይ ጭፈራ። 8 ሰዓት ላይ ሙሽራዋ ፊቷ ሲገረጣ ሁሉም «ቡዳ ነው፣ ዓይን ነው» ይላል። ረሃብና ውሃ ጥም ነው። ከቆረቡ በኋላ የሚገባውን ሥርዓት ጠብቀው፣ ልብስ ከመቀየሩ በፊት 20 ደቂቃ ተቀምጠው እንቁላል፣ ዳቦና ሻይ እንዲቀምሱ አንዲት አክስት ኃላፊ ትሁን። ይህ በፕሮግራሙ ላይ እንደ ፎቶው በሰዓት ይጻፍ።

ሜካፑ ከቅዳሴ በኋላ ይሁን። ከንፈር ቀለም ተቀብቶ ወደ ቁርባን አይቀረብም፤ በር ላይ በሶፍት መጥረግም ለሙሽራዋ ማፈሪያ ነው። ፀጉሩን በዋዜማው ለነጠላ በሚመች ቀላል አሠራር ጨርሶ ማደር ይሻላል።

ድንኳኑን ወደ ሐይቁ ከፍቶ መትከል

ጣና ጠዋት ረጋ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል። ከተማዋ ከሐይቁ በስተ ደቡብ ስለሆነች ነፋሱ በአብዛኛው ከሰሜን፣ ከውሃው ወደ የብስ ይመጣል። የድንኳኑ አፍ ለእይታ ብሎ ወደ ሐይቁ ሲከፈት ነፋሱ ገብቶ ጣሪያውን ያነሳዋል፤ የዲኮሩ ቅስት ይወድቃል፣ ሻማው ይጠፋል፣ የሙሽራዋ ዓይነ ርግብ ፊቷ ላይ ይጠመጠማል። የሰሜኑን ጎን በመጋረጃ ዘግታችሁ አፉን ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ደቡብ አድርጉ። የአበባ ቅስት እግሩ ላይ በግራና በቀኝ አንዳንድ የአሸዋ ከረጢት ይጫንበት፤ ክር ብቻውን አይበቃም።

ግንቦት ላይ ከሆነ ከሰዓት ዝናብ ይጠበቃል። ውሃው የሚሄድበትን ቦይ በዋዜማው በድንኳኑ ዙሪያ ቆፍሩ። በግራ በቀኝ የተጣሉ የኤሌክትሪክ ገመዶችም ከመሬት ይነሱ፤ መጋጠሚያቸው ሣር ላይ ተኝቶ ዝናብ ከመጣ የሚያሳዝነው ሙዚቃው መቆሙ አይሆንም።

ማታ ደማቅ መብራት ከምግቡ በላይ አትስቀሉ። ከውሃው ዳር የሚነሳው ትንኝ ወደ መብራቱ ይመጣና ወጡ ላይ ይረግፋል። ደማቁ አምፖል ከምግቡ ራቅ ብሎ ዳር ላይ ይሁን።

ጄኔሬተሩን «አለ» ብሎ ማለፍ

መብራት የሚጠፋው ሙሽሮቹ ሲገቡ ነው የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የዲጄው ድምፅ ማጉያ፣ ማቀዝቀዣውና የኤሌክትሪክ ምጣዱ በአንድ መስመር ላይ ተሰክተው የቤቱ ፊውዝ ይወርዳል። አንድ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። 5 ኪሎ ቮልት አምፔር የሚባለው ጄኔሬተር በተግባር የሚሰጠው ወደ 4 ኪሎ ዋት ነው። ስለዚህ ጄኔሬተሩ ላይ ድምፅ፣ መብራትና አንድ ማቀዝቀዣ ብቻ፤ ምጣድና ውሃ ማፍያ በፍጹም።

በዋዜማው ባዶውን አስነስቶ ማጥፋት ፍተሻ አይባልም። ዲጄው ዕቃውን ሰክቶ 30 ደቂቃ ይሥራ። ነዳጁ፣ ዘይቱና የማስነሻው ገመድ ይታዩ። የሚያስነሳው ሰው በስም ይታወቅ፤ እሱ ሚዜ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ጭሱም ወደ ድንኳኑ እንዳይገባ ከነፋሱ በታች፣ ማለትም ከድንኳኑ በስተ ደቡብ፣ ራቅ ተደርጎ ይቀመጥ።

ምግቡን በካርድ ቁጥር መገመት

«ከነባለቤትዎ» የሚል 300 ካርድ 300 እንግዳ ማለት አይደለም። ባልና ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ «አብረን እንሂድ» የተባለው ጎረቤት ሲጨመሩ 500 ሊያልፍ ይችላል። እንጀራ ለአንድ ሰው ሁለት አስቡ፤ በዚያ ላይ ከአሥር አንድ ጨምሩ።

ዶሮ ወጥ ላይ ስሌቱ ይጠነክራል። አንድ ዶሮ 12 ብልት ነው። ለ300 ሰው አንድ አንድ ብልትና አንድ አንድ እንቁላል ቢደርስ 25 ዶሮ ይፈልጋል፤ ለአንድ ዶሮ ከ1 ኪሎ ተኩል እስከ 2 ኪሎ ሽንኩርት ሲባል ደግሞ 40 ወይም 50 ኪሎ ሽንኩርት መክተፍ አለ። ይህን ሁሉ በሰርጉ ሌሊት በአንድ ትልቅ ድስት የሚጀምር ሰው ሽንኩርቱ ሳይበስል ይነጋበታል። ሲቸኩል ውሃ ይጨምራል፤ ወጡ ይቀጥናል፣ ሽንኩርቱ እንደ ጥሬ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። ቁሌቱ በዋዜማው በሦስት ወይም አራት ድስት ተከፋፍሎ ይጠናቀቅ፤ ዶሮው ንጋት ላይ ይግባ። አንዱ ድስት ቢያርር እንኳ ሌሎቹ ይተርፋሉ።

ጥሬ ሥጋ የሚቀርብ ከሆነ በሬው በቄራ ታርዶ፣ ተመርምሮ ማኅተም የተመታበት ይሁን። በሚያዝያ ሙቀት ንጋት ላይ የታረደ ሥጋ ቁርጥነቱ ለምሳ ነው። ማታ «ተርፏልና እንካችሁ» ማለት እንግዳን ለሕመም መጋበዝ ነው፤ የተረፈው ጥብስ ይውጣው።

የሙስሊም እንግዶች ምግብ ከማእዘን የምትቀመጥ አንዲት ሳህን አይደለችም። በሙስሊም የታረደ በግ ወይም ዶሮ፣ የራሱ ድስት፣ የራሱ ጭልፋ፣ የራሱ አስተናጋጅ ያስፈልገዋል። ባሕር ዳር ላይ ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ የተቀላቀለበት ስለሆነ ይህን የሚዘነጋ ቤተሰብ ያሳፍራል። ሥራውን ለአንድ ሙስሊም ጎረቤት በአደራ መስጠት ከሁሉ የተሻለ ነው፤ እንግዶቹም ማን እንዳዘጋጀው ሲያውቁ ልባቸው ያርፋል። የጾም ምግብም እንዲሁ ጭልፋው አይቀላቀል።

ሌላው ሰልፍ ነው። አንድ ሰው ለማንሳት 20 ሰከንድ ቢፈጅበት 300 ሰው በአንድ መስመር 100 ደቂቃ ይቆማል። ሁለት ጠረጴዛ አድርጋችሁ በግራና በቀኝ ስታስነሱ አራት መስመር ይሆንና 25 ደቂቃ ይበቃል። ሽማግሌዎችና እናቶች ግን አይሰለፉ፤ ባሉበት ይቅረብላቸው።

ጠላውን ቀድሞ ማጥለል፦ የባሕር ዳር አየር ከደጋው ስለሚሞቅ ቀድሞ የተጠለለ ጠላ ቶሎ ይቆመጥጣል። በዋዜማው ይጠለል፣ እንስራው ጥላ ውስጥ ይዋል።

ቀለበቱንና ቬሎውን ያለ ጠባቂ መተው

ቀለበቱ አንድ ኪስ ውስጥ ይሁን፤ የአንደኛ ሚዜ ኪስ። ከቤት ሲወጣ አንዴ፣ ከመኪና ሲወርድ አንዴ በእጁ ይዳስሰው። በሙቀትና በጭፈራ ጣት ያብጣልና ቀለበት እምቢ ሲል በኃይል አትግፉት፤ እጅን ከፍ አድርጎ ትንሽ መቆየት፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከዚያ ጥቂት ቫዝሊን።

ለቬሎው አንዲት ትንሽ ቦርሳ ትዘጋጅ፤ ነጭ ክርና መርፌ፣ አሥር መርፌ ቁልፍ፣ ነጭ ሻማ፣ የሕፃን ፓውደር፣ ሶፍት፣ ፕላስተር፣ ዝርግ ጫማ። የያዘ ዚፕ ሻማ ሲታሸት ይሄዳል። ዚፑ ጭራሽ ከተፈለቀቀ በግራና በቀኝ ሪባን ሰፍቶ እንደ ጫማ ክር ማሰር ይቻላል፤ በዚያ ላይ ካባው ሲደረብ ከኋላ ማንም አያይም። ወጥ ሲፈስበት በውሃ አትሹት፣ ቅባቱ ይሰፋል። በሶፍት ተጭናችሁ ቅባቱን አስመጥጡ፣ ፓውደር ነስንሱ፣ 10 ደቂቃ ቆይቶ በቀስታ ይራገፍ።

ኬክ በባጃጅ አይጫን። ተነጣጥሎ ይሂድ፣ እዚያ ይደራረብ።

ድልድዩ ላይ መቆም

በ2016 ዓ.ም የተመረቀው 380 ሜትሩ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለፎቶ ያምራል፣ ሰርገኛም ይወደዋል። ይሁንና ወደ ጎንደር የሚወስደው ዋና መንገድ ነው። አሥራ አምስት መኪና ቆሞ፣ ካሜራማኑ በመስኮት ወጥቶ፣ ሚዜዎቹ አስፋልት ላይ ሲጨፍሩ ከኋላ የቆመው አምቡላንስ ሊሆን ይችላል። ሙሽሮቹና ካሜራው ብቻ በእግር ይግቡ፤ አጃቢው ቀድሞ ወደ አዳራሹ ይሂድ። በፈለገ ሕይወት ሆስፒታል አጠገብ ስታልፉም ጥሩምባው ዝም ይበል።

ስልኩን ሁሉ ለእናት መስጠት

ዲጄው፣ ሻማ የሚያመጣው፣ አዳራሹ የጠፋበት እንግዳ፣ ሁሉም ለሙሽራዋ እናት ይደውላል። እናት ልጇን የምትድርበት ቀን በስልክ ያልቃል። ሚዜም ዘመድ ወገንም ያልሆነ፣ ከተማውን የሚያውቅ አንድ አስተባባሪ ይመረጥ፤ የሁሉም ባለሙያ ስልክ በወረቀት ተጽፎ እሱ ዘንድ ይሁን፣ የቀሪ ክፍያዎች ፖስታ ስም ተጽፎባቸው እሱ ዘንድ ይደሩ። ችግር ሲመጣ ለሙሽሮቹ የሚነገረው እነሱ ብቻ የሚወስኑት ከሆነ ነው። የስጦታ ፖስታውና ወርቁ ግን ለሌላ ሰው ይሰጥ፤ ግርግር ለሌባ ይመቻል።

ሰዓት ሲያጥር ምርቃቱን መቁረጥ

ከሁሉም የሚያስቆጨው ይህ ነው። ቀኑ ሲዘገይ ፎቶ አንሺው «ብርሃኑ እየሄደ ነው» ይልና ሽማግሌዎቹ በሁለት ቃል እንዲጨርሱ ይደረጋል። ብርሃኑ በእርግጥ ይሄዳል፤ በጥር መጨረሻ ፀሐይ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች። ፎቶ ግን በማግስቱም ይነሳል። አያት መቋሚያቸውን አስደግፈው፣ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው የልጅ ልጃቸውን ራስ ይዘው «እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ ያድርጋችሁ» ሲሉ፣ ከጓዳ ሴቶቹ በእልልታ ሲቀበሏቸው፣ ያንን ማንም ሊያስደግም አይችልም። «አንዴ ድገሙልኝ፣ ወደ ካሜራው ዞር በሉ» የሚል ባለሙያ አስቀድሞ ይነገረው፦ ምርቃት አይደገምም፣ ከጎን ሆኖ ይቅረጸው። ዲጄውም በዚያ ሰዓት ድምፁን ሙሉ በሙሉ ያጥፋ።

በር ላይ ያለው ክርክርም እንዲሁ አይሰረዝ። የሴቷ ወገኖች በር ይዘው ሲዘፍኑ፣ ሚዜዎቹ ሽቶ እየረጩ ሲለምኑ፣ ሁለቱ ቤተሰብ የሚለማመደው እዚያ ነው። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ሲረዝም ውጭ የቆሙ አዛውንቶች ፀሐይ ላይ ይደክማሉና በሩን የሚያስከፍት አንድ ትልቅ ሰው ከሴቷ ወገን አስቀድሞ ይመደብ።

የጀልባ ፎቶ በሰርጉ ከሰዓት

ከሰዓት በነፋስ ላይ በቬሎና በካባ ጀልባ መሳፈር አደጋ ነው፤ የረጠበ ቬሎ ይከብዳል፣ ለመዋኘትም አያስችልም። ጀልባውን ወደ መልሱ ማግስት አሸጋግሩት። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ውሃው የረጋ ነው፤ በቀላል የሐበሻ ልብስ፣ የሕይወት ማዳኛ ጃኬቱን ለብሳችሁ ሂዱ፣ ጃኬቱ የሚወልቀው ጀልባው ዳር ላይ ታስሮ ቆሞ ፎቶው ሲነሳ ብቻ ነው። ዘጌ ድረስ የምትሄዱ ከሆነ ነፋሱ ሳይነሳ እንድትመለሱ የመመለሻውን ሰዓት ከጀልባው ባለቤት ጋር ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ።