የድሮ ክሮኖግራፍ ሰዓት ስትገዙ የሚገጥማችሁ ችግርና መፍትሄው (ለአዳማ ልጆች)

አዳማ ላይ የድሮ ክሮኖግራፍ የሚፈልግ ሰው በዝቷል፣ ቴሌግራም ላይም ይለጠፋል፣ ፍራንኮና ፖስታ ቤት አካባቢም "የአባቴ ነው" እየተባለ ይወጣል፣ ደስ የሚል ነገር ነው። ግን ገዝቶ በሳምንቱ "ተበላሸብኝ" የሚለው ብዙ ነው፣ ከነዚህ ውስጥ አንዳንዱ ሰዓት ጭራሽ አልተበላሸም፣ አንዳንዱ ደግሞ ሲገዛም የሞተ ነበር። ክሮኖግራፍ ማለት ባጭሩ ተራ ሰዓት ላይ ስቶፕዎች የተጨመረበት ነው፣ በጎን ሁለት በተን አለው፣ ፊቱ ላይ ደግሞ ትንንሽ ክቦች።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር፣ የጀርባ ክዳኑ ሳይከፈት ብር አይከፈል። በቃ። ደላላው "አይከፈትም፣ ኦርጅናሊቲው ይበላሻል" ካላችሁ ተዉት፣ ሰዓት ሠሪ በትክክለኛ መክፈቻ ሲከፍተው ምንም አይሆንም። ብዙዎቹ ማሽኖች ላይ፣ ባላንሱ (ወዲህ ወዲያ የሚወዛወዘው ክብ ብረት) ካለበት ስር የማሽኑ ሞዴል ቁጥር በትንሹ ተቀርጿል፣ የስልካችሁን መብራት በጎን አዘንብሉትና በማጉያ እዩት፣ 7733፣ 7734፣ 72 (የቫልዡ ማሽኖች)፣ 48 (ላንድሮን) ወይ 3133 (ፖልዮት) ሊል ይችላል። ዕድሜውንም፣ ምን እንደሚያመውም፣ መለዋወጫ ይገኝለት አይገኝለት እንደሆነም የሚነግራችሁ ያ ቁጥር ነው፣ የሻጩ ታሪክ አይደለም።

ትልቁ ሰከንድ ቆጣሪ ቆሟል

አልተበላሸም። ክሮኖግራፍ ላይ መሀል ያለው ረጅሙ ሰከንድ ቆጣሪ የስቶፕዎቹ ነው፣ በተን ካልተጫነ አይሄድም። ሰዓቱ መሥራቱን የሚያሳየው በአንዱ ትንሽ ክብ ውስጥ ያለችው ቆጣሪ ናት። ሴይኮ 6139 ላይ ግን እሷም የለችም፣ ያለችው አንዷ ክብ 6 ቁጥር ጋር ያለችው ደቂቃ መቁጠሪያ ብቻ ናት፣ ስለዚህ ጆሮ ላይ አድርጋችሁ ስሙት ወይ ስቶፕዎቹን አስነሱት።

መሙያውን ባዞረው ባዞረው አይሞላም

እዚያው ሴይኮ 6139 ላይ ነው ይሄ የሚያጋጥመው። አውቶማቲክ ነው፣ በእጅ አይሞላም፣ ትንሽ ወዝወዝ አድርጉት ይነሳል። ቀኑ ደግሞ መሙያውን ወደ ውስጥ ጫን በማድረግ ነው የሚቀየረው፣ ስቦ ለማውጣት መታገል አያስፈልግም። ቫልዡ 7733 ወይ ፖልዮት 3133 ከሆነና መሙያው ያለማቋረጥ ምንም ሳይከብድ የሚዞር ከሆነ ግን ሞላው ተበጥሷል ወይ መሙያ ጥርሶቹ ተበልተዋል። ሞላ በልኩ ከተገኘ ከባድ ሥራ አይደለም፣ ከዋጋው ላይ አስቀንሱና ውሰዱ።

ላይኛው በተን ያስነሳል ግን አያቆምም

ማሽኑ ላንድሮን 48 ከሆነ እንዲህ ነው የተሠራው፣ ላይኛው ያስነሳል፣ ታችኛው አንዴ ሲጫን ያቆማል፣ ሁለተኛ ሲጫን ወደ ዜሮ ይመልሳል። ይሄን ሳያውቁ ላይኛውን በኃይል ደጋግመው እየተጫኑ የሰበሩ አሉ፣ ያሳዝናል። ሌሎቹ ላይ፣ ማለት ቫልዦቹም ፖልዮቱም፣ ላይኛው ያስነሳልም ያቆማልም፣ ታችኛው ዜሮ ያደርጋል። እነዚህ ላይ እየሄደ እያለ ታችኛውን አትጫኑት፣ መጀመሪያ አቁሙ።

ዜሮ ላይ አይመለስም

ይሄ በጣም የተለመደው ነው፣ ትዕግስት አድርጋችሁ ፈትሹት። አስነሱ፣ አቁሙ፣ መልሱ፣ ይሄን ደጋግሙና ቆጣሪዋ የት እንደምታርፍ እዩ። ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ለምሳሌ 2 ሰከንድ አልፋ የምትቆም ከሆነ ማሽኑ ደህና ነው፣ ሰው ነቅሎ ሲመልሳት አጣሞ ነው ያስገባት፣ ሰዓት ሠሪ ነቅሎ በትክክል ሲያስቀምጣት ያልቃል። አንዴ 2 ላይ አንዴ 57 ላይ አንዴ 10 ላይ የምታርፍ ከሆነ ግን ሌላ ነው፣ ወይ ቆጣሪዋ ዘንጓ ላይ ላልታ ትንሸራተታለች፣ ወይ ወደ ዜሮ የሚመታት መዶሻ በደንብ አይደርስም፣ ወይ መዶሻው የሚመታው የልብ ቅርጽ ያለው ብረት ተበልቷል። የላላችውን ቆጣሪ አንዳንዱ በማጣበቂያ ይይዛታል! መሀሏን በማጉያ እዩ፣ የሚያብለጨልጭ የደረቀ ነጠብጣብ ካለ ማጣበቂያ ነው፣ ወደ ውስጥ ወርዶ ከሆነ ዘንጉን ይዞታል፣ እንደዚህ ያለውን አትግዙ። ማጣበቂያ ያልነካት የላላች ቆጣሪ ግን ቀዳዳዋ በትንሹ ይጠብባል፣ ይሄን የሚችል ሰዓት ሠሪ አለ።

ስቶፕዎቹ ሲነሳ ሰዓቱ ራሱ ይቆማል

ሻጮች ይሄን ስለሚያውቁት ሳያስነሱ ነው የሚያሳዩት፣ "ይሠራል" ብለው ሁለት ሰከንድ አስነስተው ወዲያው ያቆሙታል። እናንተ ሙሉ ሞልታችሁ አስነሱትና ሻይ ጠጡ፣ ግማሽ ሰዓት ይሂድ። የደቂቃ መቁጠሪያዋ በየደቂቃው መንቀሳቀሷን፣ ባላንሱም ስቶፕዎቹ ሲነሳ በጣም አለመድከሙን እዩ። ትንሽ መድከም ያለ ነው፣ ተጨማሪ ሸክም ስለሆነ፣ መቆም ግን የለበትም። የሚቆም ከሆነ ብዙውን ጊዜ ዘይቱ ደርቆ ሙጫ ሆኗል፣ ሙሉ ሰርቪስ ማለትም ተፈትቶ ታጥቦ ዘይት ሲገባለት ይድናል። ክዳኑን ከፍቶ መኪና ቤት ያለውን የዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ መንፋት ሰርቪስ አይደለም፣ ለጊዜው ይነሳል ከዛ የድሮውን ቆሻሻ አሟሙቶ ሁሉም ቦታ ያዳርሰዋል፣ የነፉበት ሰዓት ሲከፈት ሙሉ በሙሉ ያብረቀርቃል፣ ይሸታልም።

ሌላው ምክንያት የነካካው ሰው ነው። ማሽኑ ላይ ብሎን የሚመስሉ ግን ምንም የማያስሩ አሉ፣ ሲዞሩ ጥርስና ጥርስ የሚጠጋጉበትን ልክ ይቀይራሉ። የማያውቅ ሰው "ላልቷል" ብሎ ያጠብቃቸዋል፣ ጥርሶቹ በጣም ይገባባሉ ሰዓቱም ይታነቃል፣ በጣም ከተራራቁ ደግሞ ቆጣሪዋ ስትሄድ እየዘለለች ነው። ጭንቅላታቸው ላይ ካቻቢቴ ያንሸራተተበት ጭረት ካያችሁ የነካካው አለ ማለት ነው። መፍትሄው ክሮኖግራፍ ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ነው፣ ተራ ሰዓት ጎበዝ ሠሪ የሆነ ሁሉ ይሄን አይችልም፣ ከመስጠታችሁ በፊት "ክሮኖግራፍ ፈተህ ታውቃለህ?" በሉት፣ እውነቱን ይነግራችኋል አብዛኛው። አዳማ ካጣችሁ አዲስ አበባ ፒያሳ ጠይቁ።

በቀን ብዙ ደቂቃ ይቀድማል

ማግኔት ይዞት ነው አብዛኛውን ጊዜ፣ ስፒከር ላይ ወይ ማግኔት ያለው የስልክ ሽፋን አጠገብ ሲያድር። ስልካችሁ ላይ ኮምፓስ ክፈቱና ሰዓቱን አስጠጉት፣ መርፌዋ ከዞረች እሱ ነው። ማግኔት የሚያጠፋ ትንሽ ዕቃ ሰዓት ሠሪዎች ጋ አለ፣ ደቂቃ አይፈጅም። ካልሆነ ባላንሱ ላይ ያለችው ቀጭን ጥምዝ ሞላ ዘይት ነክቷት ተጣብቃለች፣ መታጠብ አለባት።

ቀኑ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይቀየራል

በሀበሻ ሰዓት ሞልታችሁት ነው። ማሽኑ ቀን የሚቀይረው ቆጣሪዎቹ 12 ቁጥር ላይ ሲገጥሙ ነው፣ በኛ አቆጣጠር ከሞላችሁት ያ ጠዋት 12 ወይ ማታ 12 ይሆናል፣ ችግር የለውም። ማታ የሚቀየረውን ጠዋት ለማድረግ ቆጣሪዎቹን 12 ሰዓት ወደፊት አዙሩ። ቀኑን በእጅ ስትቀይሩ ግን ቆጣሪዎቹን መጀመሪያ ወደታች 6 ቁጥር አውርዷቸው፣ 12 አካባቢ እያሉ ከነካችሁት የቀኑ ጥርስ ሊሰበር ይችላል።

የተነገረኝ ዓመትና ማሽኑ አይገጥምም

እዚህ ላይ ነው ብዙ ጭቅጭቅ ያለው፣ ከጭቅጭቁም ግማሹ የዘመን አቆጣጠር ነው። አንድ የወንጂ ጡረተኛ "በ62 ነው የገዛሁት" ቢሉ እሳቸው የሚሉት 1962 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጅ 1969 መጨረሻ ወይ 1970 ማለት ነው። ልጃቸው ቴሌግራም ላይ ሲለጥፈው "የ1962 ሞዴል" ብሎ ይጽፋል፣ ገዢው ኢንተርኔት ላይ ያይና ሴይኮ 6139 የወጣው በፈረንጅ 1969 ነው፣ ውሸታም ናችሁ ይላል። ሽማግሌው ግን ልክ ናቸው! ስለዚህ መጀመሪያ "በኛ ነው በፈረንጅ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ በኛ ከሆነ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዛ በኋላ 8 ጨምሩ።

ሴይኮ ራሱ ይናገራል፣ የጀርባው መለያ ቁጥር ላይ የመጀመሪያዋ አሃዝ የዓመቱ የመጨረሻ አሃዝ ናት፣ ሁለተኛዋ ወር፣ ጥቅምት ኅዳርና ታኅሣሥ በፊደል ነው የሚጻፉት፣ የፈረንጆቹ ማለቴ ነው። 4 ብሎ ከጀመረ 6139 እስከ 70ዎቹ መጨረሻ ስለተመረተ 1974 ነው። 9 ከሆነ 1969 ወይ 1979 ነው፣ የጀርባው ጽሑፍ "ዋተር ፕሩፍ" ካለ የመጀመሪያው፣ "ዋተር ሬዚስት" ካለ የኋለኛው።

ፖልዮት ደግሞ በደርግ ጊዜ ሶቭየት ከተማሩት ጋር የመጣ ብዙ ነው። 3133 በፈረንጅ 70ዎቹ አጋማሽ ላይ ቫልዡ 7734ን መሠረት አድርጎ ነው የተሠራው፣ ስለዚህ በፈረንጅ "የ1960ዎቹ" የሚባል 3133 የለም፣ የዛን ጊዜው የሶቭየት ክሮኖግራፍ ስትሬላ 3017 ነው። ፊቱ ግርጌ ላይ የሩሲያ ስም ካለ ደግሞ ሶቭየት ፈርሳ በፈረንጅ ከ1991 በኋላ የወጣ ነው፣ ወይ ፊቱ ተቀይሯል።

ፊቱ ጨለማ ውስጥ ቦግ ብሎ ያበራል

ስልሳ ዓመት የሞላው ሰዓት ሌሊቱን ሙሉ የሚያበራ ከሆነ ቀለሙ አዲስ ነው። የድሮው የሚያበራ ቀለም ጨረር ያለው ራዲየም ወይ ትሪቲየም ነበር፣ ትሪቲየም በየ12 ዓመቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፣ ራዲየም ደግሞ ጨረሩ ከሺህ ዓመት በላይ ይቆያል ግን የሚያበራው ዱቄት ተቃጥሎ አልቋል። የስዊስ ሰዓት ግርጌ ላይ "ስዊስ" ከሚለው ግራና ቀኝ "ቲ" ፊደል ካለ ትሪቲየም ነው፣ በፈረንጅ ከ1960ዎቹ በፊት አይሆንም። ከዛ በፊት የሆነና ቡናማ የተቃጠለ ቀለም ያለው ከሆነ ራዲየም ነው ብላችሁ ያዙት፣ አትፋቁት፣ እፍ አትበሉት፣ ሕጻናት አጠገብ አትክፈቱት፣ ዱቄቱ ወደ ሳንባ መግባት የለበትም።

ቀለሙ አዲስ ከሆነ ፊቱም እንደገና የተቀባ መሆኑን ፈትሹ፣ ፊደሎቹ ወፍራምና የተድበሰበሱ ናቸው ወይ፣ የደቂቃ መስመሮቹ ትንንሾቹን ክቦች ሲነኩ ይዛነፋሉ ወይ፣ በክቦቹ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ቦዮች በቀለም ተደፍነዋል ወይ። እንደገና የተቀባ ፊት ወደ ኦርጅናል አይመለስም፣ ማድረግ የሚቻለው ዋጋ ማስቀነስ ብቻ ነው። ያረጀ፣ ነጠብጣብ ያለበት ግን ያልተነካ ፊት ለኔ በጣም ይበልጣል።

መስታወቱ ውስጥ ጉም

እሁድ ሶደሬ ፍል ውሃ ገብታችሁበት ከሆነ ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። የክዳኑና የበተኖቹ ማሸጊያ ጎማዎች በዚህ ዕድሜ ደርቀዋል፣ ጀርባው ላይ ምንም ይጻፍ ምንም ውሃ አይችልም። ጉሙን ስታዩ ፀሐይ ላይ አታስጡት ሩዝ ውስጥም አትክተቱት፣ የዛኑ ቀን ወይ በነጋታው ሰዓት ሠሪ ጋ ወስዳችሁ ክዳኑን አስከፍቱ፣ የበተኖቹ ሞላ ዝገት ከጀመረ ቀጥሎ በተኑ ተይዞ አልጫን ይላል። ማሸጊያዎቹን በዛው አስቀይሩ፣ የአዳማን አቧራም የሚከለክሉት እነሱ ናቸው።