ግሪሳ ሲመጣ ለማን ነው የምናመለክተው?

ቀወት ቆላ ላይ ማሽላ እዘራለሁ። እህል የሚፈጀው የግሪሳ ወፍ በመጣ ቁጥር ጎረቤቶቼ "መርዝ ከየት ይገኛል?" ይሉኛል። ኧረ በራሳችሁ መርዝ እንዳትረጩ! መንገዱ በግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል ነው።

መጀመሪያ ማደሪያውን ፈልጉ። የተበላ ማሳ ማሳየት ብቻውን አይበቃም፤ የሚረጨው ወፉ የሚያድርበት ቦታ ነው። ጀንበር ስታዘቀዝቅ መንጋው እንደ ጭስ እየተጥመለመለ ግራር ወይም ፊላ ውስጥ ይገባል። ተከተሉት። ጠዋት ቅርንጫፉ በኩስ ነጥቶ ታገኙታላችሁ።

ከዚያ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ በጽሑፍ አመልክቱ። የማደሪያውን ቦታና ስፋት፣ ሰብሉ የደረሰበትን ደረጃ፣ በአቅራቢያው ያለውን ውኃ፣ መንደርና የንብ ቀፎ ጥቀሱ። ቀፎውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ኬሚካሉ ግን ንብ አይምርም። ጉዳዩ በወረዳና በዞን አድርጎ ወደ ላይ ይወጣል። የአውሮፕላን ርጭት ከሆነ ግብርና ሚኒስቴር ድረስ ይሄዳል። ደብዳቤ ደግሞ እንደምታውቁት አይቸኩልም፤ ስለዚህ ፍሬው ወተት ሳይዝ አመልክቱ።

እስከዚያው ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍና በጅራፍ ማባረር የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ቆቅና ዥግራ ማደን ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ በዱር እንስሳት ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ አይቻልም።

ርጭቱ ከተካሄደ በኋላ ከብቶቻችሁን ከአካባቢው አርቁ። የሞተውን ወፍም ልጆች ለቅመው እንዳይጠብሱት።