ጋቢ ቆርቆሮ የሚሆነው በማን ጥፋት ነው?

ባሕር ዳር ልብስ በማጠብ ነው የምተዳደረው። ባለፈው ጥቅምት አንዲት ልጅ ጋቢ በፌስታል ይዛ መጣች። «እትዬ፣ እባክዎ ይሄን ያለስልሱልኝ፤ አባዬ አንገቴን ፋቀኝ ብሎ አልለብስም አለ» አለችኝ። ዘረጋሁት። ብተወው በራሱ የሚቆም ይመስል ነበር። ሳሙና ሳልጨምር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነከርኩትና ረገጥኩት። ሳፋው አረፋ በአረፋ ሆነ! ደፋሁት፣ ደገምኩት፤ አሁንም አረፋ። በአራተኛው ውሃው ጠራ። ጋቢው ሲደርቅ እንደ አዲስ ተንዠረገገ። ምንም አልጨመርኩበትም፤ እነሱ የጨመሩበትን ነው ያወጣሁት።

እንግዲህ የስህተቶች ሁሉ አለቃ ይሄ ነው፦ ሳሙና ማብዛት። አረፋ ካልሞላ የታጠበ አይመስለንም። አንድ እፍኝ ለሚበቃው ሦስት እፍኝ ይበተናል፤ ማለቅለቅ ላይ ሲደረስ ግን ውሃ ይሰሰታል። ውሃ በጀሪካን እንደሚቀዳ አጥቼው አይደለም። ለዚያ እኮ ነው ሳሙናውን ቀንሱ የምለው፤ ሳሙና ሲያንስ የማለቅለቂያውም ውሃ ያንሳል። ጋቢ ደግሞ አራት ድርብ ነው። ሳሙናው መሃል ገብቶ ይደበቃል፣ ሲደርቅ ክሩን ያደርቀዋል። ከዚያ «ሸማኔው መጥፎ ክር ሰጠኝ» ይባላል። ሸማኔው ምን በደለ?

ሁለተኛው ውሃውን አለማየት ነው። አንዳንድ የጉድጓድ ውሃ ማዕድን ይበዛበታል። ሳሙናው አረፋ አልሰጥ ብሎ ነጭ እርጎ የመሰለ ነገር ከላይ ከተንሳፈፈ ውሃው ከባድ ነው፤ ያ እርጎ ልብሱ ላይ ይለጠፋል። እኛ ጎጃሞች ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ለስላሳ ውሃ ከሰማይ ይወርድልናል። ከቆርቆሮው የሚወርደውን የመጀመሪያውን ዝናብ አቧራውን ይጠብ ብላችሁ ልቀቁት፣ ከዚያ በርሜል ደቅኑ። ሌላው ሁሉ ባይሆን የመጨረሻው ማለቅለቂያ በዝናብ ውሃ ይሁን።

ሽታው ደስ የሚለውን የሱቅ ማለስለሻ ፎጣ ላይ አታድርጉ። ክሩን ስለሚሸፍነው ፎጣው ውሃ አልጠጣ ይላል። እኔ አቼቶ ነው የምጠቀመው፤ ነጩን፣ ለአንድ ሳፋ ውሃ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ። ሽታው ሲደርቅ ይጠፋል። ግን ከሳሙናው ጋር አብራችሁ አትጨምሩት፤ ሳሙናውን ያፈርሰውና ቅባት ሆኖ ልብሱ ላይ ይቀራል። ቦታው የመጨረሻው ማለቅለቂያ ነው። ከበረኪና ጋር ደግሞ በፍጹም፣ በፍጹም! የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። በረኪና ራሱ ጥጥ ይበላል፤ ነጠላ ላይ ባይደርስ ይሻላል።

ወደ እንዶድ ልምጣ። ሰሞኑን ወጣቶች «ተፈጥሯዊ ነው» እያሉ ወደ እንዶድ ሲመለሱ ደስ ይለኛል። በኛ ቤት እንዶድ የአባቴ ሥራ ነበር። የደረቀውን ፍሬ ወቅጦ፣ ዘፍዝፎ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ወንዝ ዳር ይረግጠዋል። ጋቢው ሲመለስ ፊት ላይ ቢያሳርፉት የሚያስተኛ ነበር። ጀማሪዎች ግን ሳያጠልሉ ይደፉታል፤ ልጣጩ ሽመናው ውስጥ ይሰካና ስትለቅሙ ትውላላችሁ። ሲወቀጥ አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ አለዚያ እስከ ማታ ስታስነጥሱ ነው። የተረፈውን በውሃ ጠርሙስ አታስቀምጡ። መርዝ ነው፤ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ስለሆኑ በሽታውን ለመከላከል ትልቅ ነገር ሆነ። ለዓሣ ግን ያው አረፋ መርዝ ነው። አባቴ ይህን አያውቅም ነበር፤ እናንተ አውቃችኋል። ጣና ዳር ቆማችሁ የእንዶድ እጣቢ ከምትደፉ፣ ከውሃው ርቃችሁ ደረቅ መሬት ላይ ድፉት።

አሰቃቀል ላይ አልረዝምም። ከመስቀላችሁ በፊት በኃይል አራግፉ፤ ነፋስ ያለበት ጥላ ካገኛችሁ ከጠራራ ፀሐይ ይሻላል፣ ጥለቱም አይለቅም። እርጥብ ጋቢ በአንድ ጠርዝ ከተንጠለጠለ ይለጠጣል፤ ሁለት ገመድ ላይ ዘርጉት። አጋም ላይ የሚያሰጣ ሰው ካለ እሱን ለማስተማር ጉልበት የለኝም።

የራሴን ሳልናገር ብቀር ደግሞ አማቴ ይታዘቡኛል። ሙሽራ ሆኜ ደብረ ማርቆስ በገባሁ ዓመት፣ የጮቄን ብርድ የሚችል የሱፍ ባና አውሰውኝ ነበር። አሳምሬ ልመልስ ብዬ የፈላ ውሃ ደፋሁበት፤ ያውም በሳሙና አሸሁት። ሱፍ ሙቅ ውሃና እሽት ሲገናኙበት ተያይዞ እንደሚጠብቅ ማን ነግሮኝ! ሁለት ሰው የሚያለብሰው ባና የሕፃን መጠቅለያ አክሎ፣ እንደ ሰሌን ደርቆ ወጣ። አማቴ ገለበጡት፣ አገላበጡት፣ ምንም አላሉም። በማግስቱ በራቸው ላይ እግር መጥረጊያ ሆኖ አገኘሁት። እስከ ዛሬ እዚያው ነው።