ከማያውቁት ሰው ጋር በኢንተርኔት ሲተዋወቁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሰውን ኑሮ ለማወቅ መጓጓት ነውር አይደለም። ባሕር ዳር ያለ ልጅ ሲያትል ያለ ሰው ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፍ ማወቅ ቢፈልግ ደስ የሚል ነገር ነው፤ ብዙ ጥሩ ወዳጅነት የተጀመረው እንዲህ ነው። የሚያበላሸው አጠያየቁ ነው።

«ሰላም» ብቻ ማለት። ዛሬ «ሰላም»፣ ነገ «ሰላም ነው?»፣ ከነገ ወዲያ «ምነው ዘጋሽኝ?»። ተቀባይዋ «ሰላም» ከማለት ሌላ የምትመልሰው ነገር አልተሰጣትም። የመጀመሪያ መልእክት ሦስት ነገር ይያዝ፦ ማን እንደሆናችሁ፣ ሰውየውን የት እንዳያችሁት፣ በቀላሉ የሚመለስ አንድ ጥያቄ። ለምሳሌ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር የምኖር የቡና ወዳጅ ነኝ። ግሩፑ ላይ ስለ ይርጋጨፌ ቡና የጻፉትን አነበብኩ። ቤት ውስጥ ሲቆሉ ከእሳት የሚያወርዱት ምን ዓይነት መልክ ሲይዝ ነው?» ይበቃል። ፌስቡክ ላይ ጓደኛ ላልሆናችሁት ሰው የላካችሁት መልእክት ከዋናው ሳጥን ውጭ፣ «ሜሴጅ ሪኩዌስት» የሚባለው ውስጥ ስለሚገባ ለወራት ሳይታይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰውየው በጻፈው ነገር ሥር ቁም ነገር ያለው አስተያየት ስጡ።

ምርመራ። ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። «ስም? ዕድሜ? ከየት ነሽ? ምን ትሠሪያለሽ? አግብተሻል? ፎቶ ላኪ።» ይህ ቀበሌ የሚሞላ ቅጽ እንጂ ትውውቅ አይደለም! ጠያቂው መልሱን አይሰማም፤ ቀጣዩን ጥያቄ ብቻ ነው የሚያስበው። ሴትየዋ «አስተማሪ ነኝ» ስትል «ዕድሜሽስ?» ይላታል። እስቲ እዚያው መልሷ ላይ ቆዩ፦ «ምን ታስተምሪያለሽ?» «ሒሳብ፣ ስድስተኛ ክፍል።» «ልጆቹን በጣም የሚያስቸግራቸው የቱ ነው?» «ክፍልፋይ።» «እንዴት አድርገሽ ነው የምታስረጃቸው?» አሁን ስለ ሴትየዋ ከአሥር የቅጽ ጥያቄ የበለጠ ታውቃላችሁ፤ እሷም እንደተሰማች ታውቃለች። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በ2017 ያወጡት ጥናት የሚያሳየውም ይህንኑ ነው፦ ከተሰጣቸው መልስ ተነስተው የሚጠይቁ ሰዎች ይበልጥ ይወደዳሉ። በየመሃሉ ከራሳችሁም ጣል አድርጉ፤ ሁለት ሦስት ጥያቄ በተከታታይ ከጠየቃችሁ አንድ ነገር ስለራሳችሁ ተናገሩ።

አንዳንዱ ጥያቄ ደግሞ ያቆስላል። «ከየት ነህ?» ዛሬ ብዙ ሰው ጆሮ ላይ «ዘርህ ምንድን ነው?» ሆኖ ነው የሚሰማው። «አሁን የት ነው የምትኖረው?» በሉ፤ ሌላውን ራሱ ሲፈልግ ያወጋችኋል። ውጭ ያለን ሰው «ወረቀት አለህ?» ወይም «እንዴት ገባህ?» ብላችሁ አትጠይቁ። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ገና ያላለቀለት ሰው እንዲህ ላለው ጥያቄ ለማያውቀው አይመልስም፤ በሊቢያ በኩል ባሕር ያቋረጠ ሰው ደግሞ የማይነሳ ነገር ነው ያነሳችሁበት። ደሞዝ፣ ሃይማኖት፣ «ለምን አላገባሽም?» እነዚህም ይቆዩ።

ቆፍሮ ማውጣት። የሰውን የአምስት ዓመት ፎቶ ገልጦ ገልጦ «እናትህ እንዳረፉ አየሁ» ማለት ያስደነግጣል። ያያችሁትን ያዙት፤ እሱ ሲነግራችሁ ስሙት።

አንቱታን መዝለል። ፆታውንም ዕድሜውንም ካላወቃችሁ በ«እርስዎ» ጀምሩ። «አንተ በለኝ» ሲላችሁ ትለውጣላችሁ።

ሰዓትና ዘመን ሳያጣሩ መቀጣጠር። «ማታ 2 ሰዓት እደውላለሁ» ማለት አይበቃም። የአዲስ አበባ ማታ 2 ሰዓት ዋሽንግተን ዲሲ ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ በበጋቸው ከቀኑ 7 ሰዓት፣ ሰዓታቸውን ወደኋላ ሲመልሱ ደግሞ 6 ሰዓት ነው፤ ዱባይ ሁልጊዜ ማታ 3 ነው። እስራኤል በበጋቸው ከእኛ እኩል ናት፣ በክረምታቸው አንድ ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች። ሁለቱንም አገር ጠቅሳችሁ፣ በማን አቆጣጠር እንደሆነም ጨምራችሁ ጻፉ። «የ90 ልጅ ነኝ» ላለችም «በእኛ ነው በፈረንጅ?» በሉ፤ የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት አለው።

ስልክ ቁጥርን ቶሎ መስጠት። ቁጥር ከወጣ አይመለስም። ቴሌግራም ላይ ሴቲንግ ውስጥ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ»፣ ከዚያ «ፎን ነምበር» ግቡና ማን ይየው የሚለውን «ኖባዲ» አድርጉ፤ ከሥሩ በቁጥር ማን ያግኘኝ የሚለውን «ማይ ኮንታክትስ» ላይ አድርጉት። ለሰው የምትሰጡት ዩዘርኔማችሁን (በ@ የሚጀምረውን መጠሪያ) ነው። አንድ የሚረሳ ነገር አለ፦ አዲስ ሰው ኮንታክት ውስጥ ስታስገቡ «ሼር ማይ ፎን ነምበር» የሚል ምልክት ሊመጣ ይችላል፤ ካላነሳችሁት ቁጥራችሁ ይታየዋል። በቴሌግራም የሚመጣላችሁን የመግቢያ ኮድ ደግሞ ለማንም፣ ለማንም እንዳትሰጡ። «ለውድድር ድምፅ ስጪኝና የመጣልሽን ቁጥር ላኪልኝ» የሚል ሰው አካውንታችሁን ሊወስድ ነው፤ ከዚያ በእናንተ ስም ዘመዶቻችሁን ብር ይጠይቃል። ዛሬውኑ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» (ከኮዱ ሌላ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን) አብሩ።

ጽሑፉን አምኖ ሰውየውን ሳያዩ መክረም። ጆሴፍ ዋልተር የተባለው የኮሙኒኬሽን ምሁር በ1996 እንዳስረዳው፣ በጽሑፍ ብቻ የምናውቀውን ሰው የጎደለውን በመልካም እየሞላን ነው የምናስበው፤ ጻፊውም የሚያምርለትን መርጦ ያቀርባል። ለዚህ ነው አንዳንዴ በአካል ከምናውቀው ሰው ይልቅ በጽሑፍ ለምናውቀው ቶሎ የምንሸነፈው። በሁለት በሦስት ሳምንት ውስጥ አሥር ደቂቃ በቪዲዮ ተያዩ። ካሜራው ሁሌም የተበላሸበትን ሰው ፎቶ በጉግል ሌንስ (ፎቶው ሌላ የት እንዳለ በሚፈልገው መሣሪያ) ፈልጉት፤ በሌላ ስም ከወጣ አበቃ። «ስጦታ ልኬልሽ ጉምሩክ ተይዟል፣ ቀረጡን ክፈይ» የሚለውን ምንም ማጣራት አያስፈልገውም፤ ዝጉት።

ለማታውቁት ሰው የአምስት ደቂቃ የድምፅ መልእክት አትላኩ።

ዝምታን እንደ ንቀት መቁጠር። መብራት ይጠፋል፣ ካርድ ያልቃል። ሪያድ ወይም ኩዌት በሰው ቤት የምትሠራ እህት ስልኳን የምትይዘው ብዙ ጊዜ ሥራ ጨርሳ ስትተኛ ነው፤ ጠዋት ለጻፋችሁላት እኩለ ሌሊት ብትመልስ ስላከበረቻችሁ ነው። ሳምንት ከሞላ አንድ አጭር መልእክት ጨምሩ። ለሱም መልስ ከሌለ እዚያው ተዉት።