የካቶሊክ ሠርግ ዝግጅት፦ ከቁምስናው መዝገብ እስከ ድግሱ

አዳራሽ ከመያዛችሁ በፊት ቆሞሱን፣ ማለትም የቁምስናውን (የአጥቢያውን ቤተ ክርስቲያን) ኃላፊ ካህን፣ አነጋግሩ። ብዙ ቤተሰብ ቀብድ ከፍሎና ካርድ አሳትሞ ነው ወደ ቁምስና የሚሄደው፤ ቀኑ ዐቢይ ጾም ውስጥ ሲወድቅ ወይም ሰዓቱ ለሌላ ሠርግ ተይዞ ሲገኝ ቀብዱ ይቀራል። ስድስት ወር ቀደም ማለት ይሻላል፤ የጋብቻ ትምህርቱም ሳምንታት ይወስዳል።

የጥምቀት ምስክር ወረቀት ሲጠየቅ የልጅነቱን ወረቀት ከሳጥን አውጥቶ መስጠት አይበቃም። ጋብቻ በጥምቀት መዝገቡ ላይ ስለሚጻፍ፣ ሰውየው ከዚህ ቀደም አለማግባቱን የሚያሳየው ከመዝገቡ አዲስ የወጣ ቅጂ ነው። ጥምቀቱ ሆሳዕና ወይም ወላይታ ሶዶ ከሆነ ወረቀቱን የሚያመጣ ዘመድ ዛሬውኑ ፈልጉ።

አንዱ ወገን ኦርቶዶክስ ከሆነ የጳጳሱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ካቶሊኩ ልጆቹን በካቶሊክ እምነት ለማስጠመቅና ለማሳደግ የሚችለውን ሁሉ እንደሚያደርግ ቃል ይገባል፤ ሌላው ወገንም ይህን ማወቅ አለበት። ነገሩ በሽማግሌዎች ፊት አስቀድሞ ይነገር። ተሸፋፍኖ የቆየ እንደሆነ ለሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ቅያሜ ይሆናል።

በግእዝ ሥርዓት፣ ማለትም በኢትዮጵያ ካቶሊኮች የምሥራቅ ሥርዓት፣ ጋብቻውን የሚያጸናው የካህን ቡራኬ ነው፤ ዲያቆን የሆነ ዘመድ ቢኖር ያገለግላል እንጂ አያጋባም። ሙሽሮቹ ካባና ዘውድ ስለሚደረግላቸው ለጸጉር ሠሪዋ ንገሯት። ከፍ ብሎ የተቆለለ ጸጉር ላይ ዘውድ አይቀመጥም፣ ቬሉም አብሮ ይወርዳል። ለቁርባን ስንት ሰዓት መጾም እንደሚገባም ቆሞሱን ጠይቁ። ሙሽራዋ ከሌሊት ጀምራ ስትዘጋጅ ቆይታ በባዶ ሆድ በቅዳሴ መሐል የምትደክመው ይህ ሳይታሰብበት ሲቀር ነው።

የጠዋቱን ሰዓት ከቤተ ክርስቲያን ወደ ኋላ ቁጠሩ። ሥርዓቱ 4 ሰዓት ከሆነ 3፡30 ግቢው ውስጥ መድረስ አለባችሁ፣ ከሙሽራዋ ቤት 2፡45 መነሳት፣ ሙሽራውና ሚዜዎቹ ደግሞ እዚያ 2 ሰዓት መገኘት። ሰዓት የሚበላው መንገዱ ብቻ አይደለም፤ የበሩ ዘፈንና ክርክር ሳይታወቅ 40 ደቂቃ ይወስዳል። ደስታውን ማቋረጥ አያስፈልግም፤ በሩን የሚያስከፍት አንድ ተደማጭ አጎት መድቡ።

ቅዳሴው እስከ 6 ሰዓት ሊሄድ ይችላል። ሙሽሮች ፎቶ ሲነሱ ሽማግሌዎች በረሃብ እንዳይቀመጡ አዳራሹ ቀድሞ ይከፈት፤ ዳቦ፣ ቆሎና ጠላ ይቅረብ።

በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገሩ ሕዝብ 0.7 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ ካርድ የምትሰጡት በአብዛኛው ለሌላ እምነት ተከታይ ነው። ሠርጉ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል፣ ወይም ከኅዳር 15 ጀምሮ ባለው የነቢያት ጾም ቢሆን የጾም ማዕድ ሙሉ ይሁን፤ ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ሳህን ሽሮ እንግዳን ያስከፋል። ለሙስሊም እንግዶች በሙስሊም የታረደ ሥጋ፣ በራሱ ድስትና በራሱ ጭልፋ፣ ለብቻው ጠረጴዛ ላይ ይቅረብ። ሥጋው ተለይቶ ጭልፋው ከተቀላቀለ ልፋቱ ከንቱ ነው።

ለ300 ሰው 25 ዶሮ ይበቃል፤ አንዱ 12 ብልት ስለሚወጣው ለእያንዳንዱ አንድ ይደርሰዋል። ሽንኩርቱ በዶሮ 1.5 ኪሎ ያህል፣ በጠቅላላው 38 ኪሎ ገደማ ነው። እንጀራ 700 እዘዙ። ቁሌቱ በዋዜማው ቀድሞ ይሠራ፤ የሽንኩርቱ ውኃ ሙሉ በሙሉ ሳይመጥ በርበሬ ከገባበት ወጡ ሲያድር ይበላሻል። ትኩስ ድስት ከድኖ ማሳደርም ያኮመጥጠዋል፤ ቀዝቅዞ ይከደን። ጠጁ በአንድ እጅ ማር ሦስት እጅ ውኃ ይጣላል፤ ከሦስት ሳምንት በፊት ካልተጣለ ለቀኑ አይደርስም።

ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ትልልቅ ድስቶቹን ከእድር ስትወስዱ እየቆጠራችሁ ፈርሙ፤ በድግስ ማግስት የሚጠፋው ጭልፋና ሳህን ነው።

ከቅዳሴው በኋላ ሙሽሮቹና ምስክሮቹ የቁምስናውን መዝገብ ሳይፈርሙ ወደ መኪና አይግቡ። ምስክሮቹ መታወቂያ ይያዙ። የቤተ ክርስቲያኑን ምስክር ወረቀት ይዛችሁም በ30 ቀን ውስጥ ወደ ወረዳችሁ ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ ፓስፖርትና ቪዛ ሲጠየቅ የሚፈለገው የዚያ ቢሮ ወረቀት ነው።