ጉዳቱ ከታች፣ ምክንያቱ ከላይ፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ ተዳፋቶች የአፈርና የውሃ ችግሮች እና መፍትሄያቸው

በእንጦጦ ሸንተረር ላይ የሚወርደው ዝናብ ለሁለት ይከፈላል። በሰሜን በኩል የወረደው በሱሉልታ ሜዳ አልፎ በሙገር በኩል ከዓባይ ሲቀላቀል፣ በደቡብ በኩል ያለው በአቃቂ ወንዞች አድርጎ ወደ አዋሽ ይሄዳል። በከተማዋ ዳርቻ የሚኖር ሰው ማሳው ሲቦረቦር፣ እርከኑ ሲናድ ወይም ምንጩ ሲነጥፍ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ውሃው ከየት ተነሥቶ በየት በኩል እንደመጣ ነው። የተፋሰስ ልማት ማለት ይህን ጥያቄ ከተራራው አናት እስከ ወንዙ ድረስ ተከትሎ መመለስ ቢሆንም፣ ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው ከታች ስለሆነ ብዙዎቻችን ጉልበታችንንም ድንጋያችንንም እዚያው ታች እንጨርሳለን።

ቦረቦሩ በየክረምቱ ወደ ላይ እየበላ ሲመጣ

ምልክቱን ለማየት ወደ ቦረቦሩ ራስ መሄድ ይበቃል። አምና ከማሳው ግርጌ የነበረው ጫፍ ዘንድሮ መሐል ደርሶ፣ በቢላ እንደተቆረጠ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይታያል። ከግድግዳው ሥር ደግሞ ከላይ የሚወረወረው ውሃ የፈለፈለው ጉድጓድ አለ፤ ይህ ጉድጓድ ሲሰፋ ከላይ ያለው አፈር መቆሚያ አጥቶ ከነሣሩ ይደረመሳል፣ ቦረቦሩም አንድ እርምጃ ወደ ላይ ይራመዳል።

ምክንያቱ ተበትኖ ይወርድ የነበረ ውሃ በአንድ ቦታ መሰብሰቡ ነው። ሰብሳቢው አንዳንዴ አርሶ አደሩ ራሱ ማሳውን ከውሃ ለማዳን ቁልቁል የቀደደው ፈሰስ ነው፤ አንዳንዴ ከመንገድ ሥር የተቀበረ ቱቦ ነው። በከተማዋ ዳርቻ ግን ከሁሉም በላይ የቆርቆሮው ጣሪያ ሊታሰብበት ይገባል። 100 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 3,000 ሊትር ያህል ውሃ ይሆናል፤ እንዲህ ያሉ 200 ቤቶች ያሉት አዲስ ሰፈር ከአንድ ዝናብ ብቻ 600 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ከሥሩ ወዳለው ማሳ ይለቃል ማለት ነው። ያ መሬት ሣር በነበረበት ጊዜ ከዚህ ውሃ ብዙውን ይውጠው ነበር።

እኔም ይህን ሳላስተውል አንድ የበጋ ወራት ሙሉ ቦረቦር በድንጋይ ስሞላ ከርሜ ነበር። በሐምሌው ከባድ ዝናብ ውሃው ድንጋዩን ሳይነካ በጎኑ አዲስ መንገድ ቀደደ፤ ክምሩም በሁለት ቦረቦሮች መካከል እንደ ደሴት ቀረ። ከላይ የሚመጣውን ውሃ አልቀነስኩም፣ ክትሩንም፣ ማለትም ቦረቦሩን አቋርጦ ውሃ የሚገታውን የድንጋይ ካብ፣ በጎን ግድግዳዎቹ ውስጥ አላስገባሁም ነበር።

መፍትሄው የሚጀምረው ከቦረቦሩ ራስ በላይ ነው። በየ100 ሜትሩ ከግማሽ እስከ 1 ሜትር ብቻ ዝቅ የሚል መቀልበሻ ቦይ ተቆፍሮ፣ ውሃው በሣር ወደተሸፈነ መውረጃ ወይም ወደ ተፈጥሮ ጅረት እንዲገባ መደረግ አለበት፤ ወደ ጎረቤት ማሳ መልቀቅ ግን ቦረቦሩን ከነጠቡ ወደ ሌላ ሰው ማዛወር ነው። የጣሪያው ውሃ በአሸንዳ ተሰብስቦ ወደ በርሜል ወይም ወደ ታንከር ቢገባ ለቤቱም ይጠቅማል። ቀጥሎ ቀጥ ያለው የቦረቦሩ ራስ ተደልድሎ ሣር ይተከልበታል።

ክትር የሚሠራው ከዚህ በኋላ ነው፤ እርሱም ከላይ ወደ ታች እየተወረደ ነው። የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል ከፍታ ላይ መዋል ስላለበት፣ የቦረቦሩ ወለል በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር የሚወርድ ከሆነና ክትሩ 1 ሜትር ከፍታ ካለው፣ በሁለት ክትሮች መካከል የሚኖረው ርቀት 10 ሜትር ያህል ይሆናል። መሐሉ ከጎኖቹ ዝቅ ማለት፣ ጫፎቹ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ወደ ግድግዳው ውስጥ መግባት፣ ውሃው በሚወድቅበት ቦታም ድንጋይ መነጠፍ ይኖርበታል። ከክትሩ ኋላ ደለል ሲሞላ ሰስባኒያ የተባለው ቁጥቋጦ ወይም ደሾ ሣር ቢተከልበት፣ ድንጋዩ ቢላላ እንኳ ሥሩ ይይዘዋል። ቬቲቨር የተባለው ሣር በቆላና በወይና ደጋ የተመሰገነ ቢሆንም ውርጭ በሚመታው ከፍታ ላይ እምብዛም አያምርበትም።

እርከኑ በመጀመሪያው ዝናብ ሲበጠስ

እርከን በዓይን ግምት ከተቀየሰ አንድ ቦታ ላይ ዝቅ ማለቱ አይቀርም፤ ውሃው ሁሉ ወደዚያች ነጥብ ሮጦ ይበጥሳታል። በገመድ ላይ በሚንጠለጠል ውሃ ልክ በየ10 ሜትሩ መለካት ይህን ያስቀራል። በአቃቂና በሰንዳፋ በኩል ባለው መረሬ፣ ማለትም ጥቁር ሸክላማ አፈር ላይ ሌላ ምክንያት ይጨመራል፤ አፈሩ በበጋ ይሰነጠቅና የሰኔ ዝናብ በስንጥቁ ገብቶ እርከኑን ከውስጥ ይበላዋል። ስለዚህ በግንቦት ወር ስንጥቁን በአፈር ሞልቶ መጠቅጠቅ ያስፈልጋል። ዓመታዊ ዝናቡ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በሚበልጥበትና አፈሩ ውሃ በማያሰርግበት በዚህ አካባቢ፣ ፍጹም ደልዳላ እርከን ውሃ አቁሮ ሰብሉን ያበሰብሳል፤ መጠነኛ ዝቅታ ኖሮት ትርፉን ውሃ ቀስ ብሎ ወደ መውረጃ የሚያደርሰው ይመረጣል። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ከብቶች በልቅ ግጦሽ የሚረጋግጡት እርከን ግን የትኛውም ቅየሳ አያድነውም።

ምንጩ በጋው ሳይጋመስ ሲነጥፍ

ብዙ ሰው ምንጩን ለማጎልበት ዓይኑን ይቆፍራል፤ የጎደለው ግን ከላይ የሚሰርገው ውሃ ነው። ከምንጩ በላይ ያለው መሬት በከብት ኮቴ ተጠቅጥቆ ከሆነ፣ ዝናቡ ወደ ውስጥ ከመስረግ ይልቅ በላዩ ይንሸራተታል። በባሕር ዛፍ ደን ሥርም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። በምኒልክ ዘመን የገባው ይህ ዛፍ ከተማዋን ከማገዶ እጦት ስላዳናት ውለታው መካድ የለበትም፤ ይሁን እንጂ ቅጠሉ በየቀኑ ለማገዶ ተጠርጎ ሲወሰድ መሬቱ ራቁቱን ይቀራል፣ የዝናቡም ጠብታ በቀጥታ ይደበድበዋል። ጠዋት ከእንጦጦ ሸክማቸውን ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ያየ ሰው፣ አማራጭ ማገዶ ሳይቀርብ ቅጠል መጥረግን መከልከል እንደማያዛልቅ ይረዳል።

መፍትሄው ከምንጩ በላይ ያለውን መሬት ከከብት ንክኪ መከለል፣ ጎርፉን የሚያሰርጉ ቦዮችን ተዳፋቱን አቋርጦ መቆፈር፣ ከምንጩ አጠገብ ያለውን ባሕር ዛፍም በጽድ፣ በወይራና በኮሶ ቀስ በቀስ መተካት ነው። ተዳፋቱ የመንሸራተት ምልክት ካሳየ ግን ቦይ አይቆፈርበትም። ውጤቱም በአንድ ክረምት አይገኝም፤ የተወሰኑ ዓመታት መታገሥ ይጠይቃል።

ኩሬው ወይም ግድቡ በደለል ሲሞላ

ደለሉን መጥረግ ምልክቱን ማከም ነው። በኢትዮጵያ የሰብል መሬት ላይ በአማካይ ከአንድ ሄክታር በዓመት 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ በስፋት ይጠቀሳል፤ ይህም ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው የማሳ ገጽ ማለት ነው። ለከተማዋ የመጠጥ ውሃ የሚሰጡት ለገዳዲ፣ ድሬና ገፈርሳ ግድቦች ከበላያቸው ባሉት ማሳዎች አያያዝ ላይ የተመሠረቱ በመሆናቸው፣ በሰንዳፋ በኩል የሚሠራ እርከን አዲስ አበባ ያለውን ቧንቧ ይመለከታል።

የተሠራው ሥራ መያዝ አለመያዙን ለማወቅ በሐምሌ ዝናብ ጃንጥላ ይዞ ከላይ እስከ ታች መሄድና ውሃው ያለፈበትን እያንዳንዱን ቦታ በችካል ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል። መስከረም ላይ መሬቱ ሲጠና ጥገናው ከእነዚያ ችካሎች ይጀምራል።