ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ፦ ንስሐን በየዕለቱ መኖር

ጥር 11 ጧት በጎንደር በፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር የሚረጨው ውኃ በረከት ነው፤ ዳግም ጥምቀት ግን አይደለም። የተጠመቅነው አንዴ፣ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ያደፈውን የሚያጥበው ንስሐ ነው። ጠበሉን በጀሪካን ቀድቶ ቂሙንም ይዞ ወደ ቤቱ የሚመለስ ብዙ ነው፤ እጅግ ያሳዝናል።

የነፍስ አባት ከሌላችሁ ከአጥቢያችሁ ያዙ። በዝና አትምረጡ፤ በአዘቦት ቀን የምታገኟቸው ይሁኑ። በታቦት አጀብ መሐል አይናዘዙም፤ ቀጠሮ ይያዛል። ጾመ ነነዌ ከጥር 17 እስከ የካቲት 21 ባለው ጊዜ ስለሚውል፣ ሦስቱ ቀናት ለጅማሬ ይመቻሉ።

በቀጠሮው ዋዜማ መዝሙር 50ን ጸልዩና ቤታችሁን፣ ሥራችሁን፣ ጎረቤታችሁን፣ ሰው የማያየውንም እያነሣችሁ ራሳችሁን መርምሩ። ስትናዘዙ ያደረጋችሁትን፣ ስንት ጊዜና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ተናገሩ። «ባለቤቴ አናድዶኝ ነው» ማለት የሰው ኃጢአት መናገር ነው። ብዙዎች ትንሹን ተናግረው ትልቁን ይደብቃሉ፤ ቄሱ ቤተሰቡን ስለሚያውቁ ያፍራሉ። ካህን የንስሐን ምስጢር ማውጣት ግን ፈጽሞ አይፈቀድለትም።

ከሁሉ የሚከብደው የወሰዱትን መመለስ ነው። ቅዳሜ ገበያ በሚዛን ያጎደለ፣ የሠራተኛ ደመወዝ የያዘ፣ የወንድሙን ድንበር የገፋ ሰው ሺህ ጊዜ ቢሰግድ ገንዘቡ እጁ ላይ እስካለ ድረስ ንስሐው ጎዶሎ ነው። በወንጌል የተጻፈው ቀራጩ ዘኬዎስ አራት እጥፍ ልመልስ አለ፤ እናንተ ቢያንስ ዋናውን መልሱ። ባለቤቱ ከሞተ ለወራሹ ስጡ፤ ወራሽ ከታጣ ለማን እንደሚሰጥ የነፍስ አባታችሁን ጠይቁ። የተጣላችሁትንም ሽማግሌ ልካችሁ ታረቁ። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የተባለው ለዚህ ነው። ያኛው ወገን እንቢ ቢል ለነፍስ አባታችሁ ንገሩ እንጂ በእሱ እንቢታ እናንተ ከንስሐ አትቅሩ።

ቀኖና፣ ማለትም የነፍስ አባት ለንስሐ የሚያዝዘው ስግደትና ጾም፣ ሲሰጣችሁ ቁጥሩን ሳታውቁ አትነሡ፦ ስንት ቀን፣ በቀን ስንት ስግደት፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ? ለምሳሌ 7 ቀን በየቀኑ 41 ስግደት ከተባለ፣ እሑድ ስለማይሰገድ አቆጣጠሩን ጠይቁ፤ በበዓለ ኃምሳም አይሰገድም። ጉልበት የሚያምም፣ እርጉዝ ወይም የቀን ሠራተኛ የሆነ ሰው አስቀድሞ ይናገር፤ መዝሙረ ዳዊት በመድገም ወይም በምጽዋት ይለወጥለታል። በስሜት ከራስ መጨመር አይበጅም። በሦስተኛው ቀን ድካም ይመጣል፣ ይቋረጣል፣ ከዚያ ሰውየው አፍሮ ከነፍስ አባቱ መሸሽ ይጀምራል። ሲፈጸም ተመልሳችሁ «አባ ይፍቱኝ» በሉ።

ከቁርባን በፊት 18 ሰዓት ይጾማል። እሑድ ጧት በ3 ሰዓት የሚቆርብ ሰው የመጨረሻ ጉርሻው ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ባለ ትዳሮች ስለ መታቀቡ የነፍስ አባታቸውን ይጠይቁ።

የዕለቱ ሥርዓት አጭር ይሁን፤ ጧትና ማታ አቡነ ዘበሰማያት፣ መዝሙር 50፣ 12 ጊዜ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ። ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት ይጾማል። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት በቀኑ ያስቀየማችሁት ሰው ካለ ስሙን አንሡ፤ ነገ ጧት ከሥራ በፊት ቤቱ ሂዱ። ያው ኃጢአት ከተደገመ ጥርን አትጠብቁ፤ በዚያው ሳምንት የነፍስ አባታችሁ ዘንድ ተመለሱ።